የመነኩሴው እጅ

ባለቤቴ ሠዓሊ ነው ይባላል። ነበር ማለት ይሻላል፤ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ብሩሽ ይዞ አያውቅም። በወጣትነቱ የነደፋቸው ሥዕሎች ግን ሻንጣ ሙሉ አሉ። እነሱን በእንጨት እየቀረጽኩ የማባዛው እኔ ነኝ። የታላላቅ ሠዓሊዎች ንድፍ ድሮ ይባዛበት የነበረውንና ተረስቶ የቆየውን ይህን ዘዴ፣ መልሳ ካስነሳች አሜሪካዊት ተማርኩት፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ። ለአንድ ሥዕል ሦስት እንጨት ይቀረጻል፤ አንዱ ለመስመሩ፣ ሁለቱ ለጠቆረውና ለፈዘዘው ጥላ፤ ቀለም ተቀብተው ተራ በተራ አንድ ወረቀት ላይ ይታተማሉ። ብርሃን የሚፈለግበት ቦታ ከሦስቱም ላይ ተፍቆ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ባዶው ወረቀት ያበራል።

ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትማችን ውስጥ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስቀርጽ እሱ ከኋላዬ ወንበር ስቦ «ቀስ በይ» ይለኛል። ኅትመቱ ላይ የሚጻፈው የእሱ ስም ብቻ ነው። የእኔም ከጎኑ ይግባ ብዬ ስጠይቀው፣ «ያንቺ እኮ ያው መቅዳት ነው» አለኝ። ስማችን ጎን ለጎን ያለው የቤቱ የኪራይ ውል ላይ ብቻ ነው።

የአንድ መነኩሴ ሥዕል ስንጀምር፣ በስስ ወረቀት የቀዳሁትን ንድፍ እንጨቱ ላይ በፊቱ ደፍቼ ልለጥፈው አልኩ፤ አለዚያ ሲታተም ቀኙ ግራ ይሆናል።

«መስመሬ በደንብ ካልታየሽ ታበላሺዋለሽ። ቀና አድርገሽ ለጥፊው።»

«ይገለበጣል እኮ!»

«ሥዕሉ የማን ነው?»

እንዳለው ለጠፍኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን አደረግን። ሰው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» እያለ ያቅፈዋል። እኔ ኮቱን ይዤለት ቆሜያለሁ። አንድ ሽማግሌ የመነኩሴው ሥዕል ፊት ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ምነው፣ እኚህ አባት በግራ እጃቸው ነው እንዴ የሚባርኩት? ወይስ እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ለመዱት?»

ሰው ሳቀ። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ የቀረጸችው እሷ ናት።»

በሰው ፊት እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው።

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ይኼኛውን ግን እንዲህ አድርጊ ያለኝ እሱ ነው።»

ሽማግሌው የባለቤቴን እጅ አዩ። እሱ ኪሱ ከተተው።

በኋላ መነኩሴውን እንደገና ቀረጽኩት፤ አሁን በቀኛቸው ይባርካሉ። ከግርጌው ስሜን ጻፍኩ፤ የእኔን ብቻ። አየው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥዕል ከሻንጣው አያወጣልኝም። ቆልፎበታል። እኔ ሌላ የምቀርጸው የለኝ፣ እሱ ሌላ የሚቀርጽለት የለው። ጠዋት ቢላዋዬን ስዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። እሱ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል።