ንፋሱ ወዳንቺ ነው

ዛሬ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ አንድ ጎሚስታ የጎማ ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ አየሁት። የእርጥቡ ጎማ ሽታ አባዬን አመጣብኝ።

አባዬ እሁድ እሁድ የከባድ መኪና ካላማዳሪ ነፍቶ፣ ላዩ ላይ ጣውላ አስሮ ይቀመጥበትና ሶር ወንዝ ሰፍቶ በሚተኛበት ቦታ ዓሣ ያጠምድ ነበር። እማዬ ስለምትፈራ ጎማው ላይ ገመድ ካላሰረ አትለቀውም። ጫፉን ዳር ቆሜ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሰማዩ ጠቆረና ንፋስ ተነሳ። ጎማው እንደ እንዝርት ሲሽከረከር ደንግጬ ገመዱን በኃይል ሳብኩት። መንጠቆው ላይ የነበረው ትልቅ ዓሣ አመለጠ።

«ሱታ፣ ሱታ! ቀስ በይ ልጄ!» አለኝ እየሳቀ። «ምን አስቸኮለሽ? ንፋሱ እኮ ወዳንቺ ነው፤ ዓሣውንም ያመጣልሽ ነበር፤ እኔንም ያመጣኛል። ገመዱን ላላ አድርጊው።»

ላላ አደረግኩት። ዝናብ እየመታው፣ ቀስ እያለ እግሬ ስር ደረሰ።

አባዬ ካረፈ ስንት ክረምት አለፈ። ሚኒባሱ መጥቶ ረዳቱ «ሁሩሙ! ሁሩሙ!» እያለ ይጣራል። እኔ ግን አልገባሁም። ንፋስ ተነስቶ ነበር፤ ወደኔ ነው የሚነፍሰው።