የዚያ ዓመት በርበሬ

አዳማ ወፍጮ ቤት ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። የበርበሬው ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠው እማዬ ትዝ አለችኝ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እማዬ ግቢ ውስጥ ሸራ ዘርግታ በርበሬ ታሰጣለች። አባዬ የምርመራዋን ውጤት ይዞ መጣና አጥሩ ጥግ ለአጎቴ «ስፕሬድ አድርጓል አሉኝ» አለው። በእንግሊዝኛ ያለው እሷ እንዳይገባት ብሎ ነው።

አጎቴን ሊሸኝ ሲወጣ ጠራችኝ።

«ስፕሬድ ምን ማለት ነው?»

ክፍል ውስጥ እንደተማርነው መለስኩላት። «ዳቦ ላይ ማርማላታ መቀባት። አንሶላ መዘርጋትም ነው። ወሬ ወይም በሽታ ሲዛመትም ይባላል።»

እጇ በርበሬው ላይ ቆመ። ከዚያ መበተኗን ቀጠለች።

«ጠየቀችኝ ብለሽ ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ይደነግጣል።»

በማግስቱ ከመቂ ሌላ ጆንያ በርበሬ አስመጣች። ፀሐዩ እንዳያመልጣት ትቸኩል ነበር።

ከሞተች በኋላ በርበሬው አላልቅ አለን። አባዬ ምሳ በቀረበ ቁጥር «ምን አስባ ነው ይሄን ሁሉ ያዘጋጀችው?» ይላል። እኔ እበላለሁ።

አሁን አባዬ አርጅቷል፤ በርበሬውን የማስፈጨው እኔ ነኝ። ዛሬም ከቤት ስወጣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ «አደራ፣ እንደ እናትሽ እንዳታበዢው» አለኝ።

እሺ አልኩት።