ዘበኛውን ዶክተር ያደረግኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ነው። እስካሁን ሰርተፍኬት የሚያጽፍ ሰው ሱቄ በር ላይ ሲቆም ላብ ያጠምቀኛል።

ሰበታ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ጉራ አይሁንብኝና በእንግሊዝኛ አልታማም። ሰርተፍኬት ላይ «ተሰጠ» ለማለት «ጊቭን» የሚል ተራ ቃል ጻፊ ስባል እጄ አይታዘዘኝም። ጊቭንማ ለጎረቤት ሽሮም ይሆናል! እኔ የምወደው «ኮንፈርድ» እና «ቢስቶውድ» ነው፤ የዩኒቨርሲቲና የጋዜጣ ቃል። ደንበኞቼም ይወዱታል። ያልገባቸው ደግሞ ይበልጥ ይወዱታል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እኔም የተማርኩበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መጡ። የበሩ ዘበኛ ኦቦ ቶለሳ ከሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ጡረታ ሊወጡ ነውና ለነገ የምስጋና ሰርተፍኬት አዘጋጂ አሉኝ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አንቺ ታውቂበት የለ? ብቻ ከበድ አድርጊው» ብለውኝ ሄዱ።

ኦቦ ቶለሳን እወዳቸዋለሁ። በልጅነቴ አርፍጄ ስመጣ ግራ ቀኝ አይተው በሩን ገርበብ ያደርጉልኝ ነበር። ስለዚህ ተራ ነገር ልጽፍላቸው አልፈለግኩም። ኮምፒውተሬ ውስጥ ለትርጉም ሥራ የተየብኩት የአንድ የእንስሳት ሐኪም ዲግሪ ነበር። ኮንፈርድ አለው፣ «ከሙሉ መብትና ክብር ጋር» የሚል አለው፣ ምን የሌለው አለ! የሰውየውን ስም አጥፍቼ የኦቦ ቶለሳን ተካሁና ሴቭ አደረግኩት። ዩኒቨርሲቲውንና ዲግሪውን ላወጣ ስል መብራት ድርግም አለ።

ጠዋት መብራት ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ከነማኅተማቸው በሬ ላይ ቆመዋል። ያልጨረስኩት ነገር መኖሩ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ወፍራም ወረቀት ላይ አተምኩት። «እንግሊዝኛ ማለት ይቺ ናት!» ብለው ሳያነቡ ፈረሙ፤ ማኅተሙንም መቱበት።

እንግሊዝኛዬ ሲጨበጨብለት ልሰማ እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። የእንግሊዝኛው መምህር በማይክሮፎን አነበበው፤ ወላጆች አጨበጨቡ። ኦቦ ቶለሳ በአዲስ ኮት ተነሥተው «ማል ጄዳ?» አሉ፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው።

መምህሩ ወረቀቱን አየ፣ ርዕሰ መምህሩን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዩኒቨርሲቲው ለኦቦ ቶለሳ የእንስሳት ሕክምና ዶክተርነትን ከሙሉ መብትና ክብር ጋር ሰጥቷል ይላል።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት እናት ጭራሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ኦቦ ቶለሳ ግን አልሳቁም። ወረቀቱን ተቀብለው ተቀመጡና ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሽማግሌው በመሰናበቻቸው ቀን መሳቂያ ሆኑ፣ ያውም በእኔ እንግሊዝኛ።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ጎረቤታቸው ጥጃ እየጎተተ «ዶክተር፣ ይቺ ጡት እምቢ ብላለች» እያለ ይቀልድባቸዋል። ኦቦ ቶለሳ ሲያዩኝ በኦሮምኛ «ኮቱ» አሉና «ነይ ልጄ» ብለው ጠሩኝ።

«ኦቦ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አዋረድኩዎት» አልኳቸው። ዕንባዬም መጣ።

«ሳቁስ ግድ የለም። የከፋኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሲያነብ ሰማሁ፤ አንድም እኔ የሠራሁት ነገር የለበትም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

«በር ጠብቋል በይ። ከእጁ የጠፋ ልጅ የለም በይ።» ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «ያረፈደችውንም አስገብቷል በይ።»

እንዳሉኝ አድርጌ በአማርኛና በኦሮምኛ ጻፍኩት። ርዕሰ መምህሩ በዚህኛው ላይ ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ያንን ቀን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፤ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። ሰርተፍኬት የሚያጽፍ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሰውየው ምን ሠራ?» ብዬ ነው።

አዲሱን ስወስድላቸው የዶክተርነቱን ወረቀት እንዲመልሱልኝ ለምኛቸው ነበር። ኦቦ ቶለሳ ወረቀቱን ኮታቸው ውስጥ ሸጎጥ አድርገው፣

«ከሙሉ መብት ጋር የተሰጠ አይመለስም» አሉኝ።