ሳጥኑ የሞላ ዕለት

ልጄ ፍኖተ ሰላም ከተማ ተቀምጣ የምትሠራው በኢንተርኔት የሚሄድ የስልክ አገልግሎት ነው። ነፍሰ ጡሮች ያለ ካርድ ወደ ዘመድም ወደ ጤና ጣቢያም እንዲደውሉ፣ ምጥ ሲይዝም አምቡላንስ እንዲጠሩ የተሠራ ነው። አምቡላንሱ ከቡሬ ተነሥቶ ድልድዩ ድረስ ይመጣል፤ ከቤት እስከ ድልድዩ ያለውን ጭቃ እኛ በቃሬዛ እንሸከማለን። የቃሬዛው ማኅበር ሰብሳቢ እኔ ስለሆንሁ የሚደወልበትን ቁጥር አስቀድማ የሰጠችው ለኔ ነበር።

«አባዬ፣ ንግግሩን ሁሉ የሚያስተናግደው ሰርቨር የሚባል አንድ ሳጥን ነው» አለችኝ። «ለጊዜው በአንድ ጊዜ ከሠላሳ ንግግር በላይ አይችልም።»

«ሠላሳ አንደኛው ሲመጣስ?»

«ተይዟል ተብሎ ይመለሳል። ሁለተኛ ሳጥን እስክንጨምር፣ ጥሪውን ለሁለቱ የሚያካፍል ፕሮግራም እስክናስገባ ድረስ ለሰው አይንገሩ። አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ።»

ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አያልፍም፤ ነገሩ ግን ገባኝ። አንድ ወፍጮ ብቻ ያለው ቀበሌ ማለት ነው። ሁለተኛ ወፍጮ ሲተከል ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ «አንቺ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ገብቶኝ ነበር። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ሳምንቱ ሳይሞላ፣ የማርያም ዕለት ከቅዳሴ ወጥተን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥን። አንድ እኩያዬ ስልኬን አየና «ጆሮህ ሳይሰማ ደግሞ ስልክ አማረህ?» አለ። ሰው ሳቀ።

«ልጄ የሠራችው ነው። ካርድ አይበላም» አልሁ።

«ውሸት!»

«እንግዲያው እይ» ብዬ ዱርቤቴ ላለችው እኅቴ ደወልሁ። ድምፅዋን ሲሰማ አፉን ያዘ። ቁጥሩን ስጠን አሉኝ፤ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ያ ሁሉ ሰው በያለበት መደወል ጀመረ። በኛ አገር ደግሞ ደውሎ በቀጥታ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። ሰላምታው ከሰው ይጀምርና ከብቱን፣ ዝናቡን፣ አዝመራውን አዳርሶ እንደገና ወደ ሰው ይመለሳል። አስቀድሞ መዝጋትም ያሳፍራል። እኔም ከእኅቴ ጋር እንደዚያው ነበርሁ።

ጎረቤቴ እየሮጠ መጣ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል። «አያ፣ ስልኩ ተይዟል ይለኛል! ሌላ ጋ እንዳልደውል ካርድ የለኝም!» አለ።

የኔን ዘግቼ ብሞክር ለኔም ተይዟል አለኝ፤ ቃሬዛውን አነሣን። ድልድዩ ስንደርስ የሚጠብቀን መኪና የለም። ጤና ጣቢያው ድረስ በእግራችን ሄድን። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ ግን አልተነፈሰም።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ ባየኝ ቁጥር ይመርቀኝ ነበር። «ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ዕድሜዎ!» ይላል፤ አጎዛ አንጥፎ ያስቀምጠኛል። እኔም እቀመጥበት ነበር።

ልጄ መጥታ ሳጥኑ ውስጥ የተመዘገበውን ነገረችኝ። የጎረቤቴ ስልክ አራት ጊዜ ሞክሮ አራቱንም ተመልሷል። «አባዬ፣ በዚያ ሰዓት ከዱርቤቴ ጋር የሚነጋገረው የእርስዎ ስልክ ነበር?»

«የኔ ነው።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ሳጥኑን ቀድሜ ያላሰፋሁት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሳጥኑ ሁለት ሆኗል፤ ጥሪ የሚያካፍለውም ገብቷል። ገበያ ቀን እንኳ ማንም አይመለስም ትለኛለች። እሷ ይህን በነገረችኝ ማግስት ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። አጎዛው ሲነጠፍ «ቆይ፣ አልቀመጥም» አልሁና ሁሉንም ነገርሁት። ቁጥሩን ለሰው መስጠቴን፣ ልጄ እንዳልናገር ማስጠንቀቋን፣ እሱ ሲደውል እኔ ራሴ መስመር ላይ መሆኔን።

ሚስቱ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ በሩ ላይ ቆመች።

«ያኔ በስልኩ ምን ነበር የምታወሩት?»

«ሰላምታ ነው፣ ልጄ።»

«ምን ምን?»

ሌላ ነገር ልላት እችል ነበር። «የእኅቴ ላም ልትወልድ ደርሳ ነበርና እሱን ስጠይቅ ነበር» አልኋት።

«ወለደች?»

«ወለደች።»

ወደ ውስጥ ተመለሰች። ባሏ አጎዛውን አንሥቶ አጠፈው፤ እጁ ውስጥ ይዞት ቆመ እንጂ የት እንደሚያኖረው አላወቀም። ደኅና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።