የእማማ ድስት መዳፍ

እማማ ድስት የሚለውን ስም ያወጡላት የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ናቸው። እሷ ታበስላለች፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ፤ እዚያው ወጥ ቤት አብረን አርጅተናል። እጇ ይጣፍጣል፣ ይሄን ማንም አይክድም። ግን አመል ነበራት፦ ሾርባውን ከጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች፣ እጇን በሽርጧ ጠረግ፣ ከዚያ ዳቦ መቁረስ። "ኧረ ተይ!" ስላት፣ "ጨው የሚታወቀው በመዳፍ ነው" ትለኛለች።

ከዚያ ልጆቹ ተራ በተራ በትኩሳትና በሆድ ሕመም ተኙ። እዚያው የምትውለው የልጇ ልጅም አብራቸው ታመመች። ከጤና ጣቢያ መጥተው የሁላችንንም ሰገራ መረመሩ። ጉድ በሉ! ምንም ያላመማት እማማ ድስት የታይፎይድ ተሕዋሲ ተገኘባት።

"ሳያምሽ ተሸክመሽው ኖሯል" አለቻት ነርሷ። "ከመፀዳጃ ስትወጪ በሳሙና ትታጠቢያለሽ?"

"እለቀለቃለሁ።"

በውሃ ብቻ ማለቷ ነው። መድኃኒት ሰጧት፤ ነፃ መሆኗ እስኪረጋገጥ ወጥ ቤት እንዳትገባም አገዷት።

ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ሴት ልጇ ለብቻዋ ሳህን፣ ለብቻዋ ፎጣ ለይታላታለች። ትንሿ ድናለች፤ ግን አያቷን የምታያት ከበሩ ሆና ነው።

"አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ!" ብዬ ተቆጣኋት።

"ምን ብዬ ላልቅስ? ምንም አይሰማኝም። ብቻ ልጅቷ ከእጄ ትበላልኝ ይሆን እላለሁ።"

የጎረቤት ወሬ የምታወራ ነው የምትመስለው። አንጀቴን በላችኝ።

ምርመራው ተደጋግሞ ነፃ ነሽ ሲሏት ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። ያን ቀን የቀመሰችው በማንኪያ ነው፤ አንዴ የቀመሰችበትን ወዲያው ወደ እኔ ትወረውራለች። "የማንኪያ ዘር ጨረስሽ እኮ!" አልኳት። አልሳቀችም።

ምሳ ላይ ልጆቹ ተሰለፉ። የልጅ ልጇ ተራ ደረሰ። ሳህኗን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ "አያቴ፣ እጅሽን ታጥበሻል?" አለቻት።

ታጥባለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አፌን ልከፍት ስል እማማ ድስት በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። ጭልፋውን አስቀምጣ ወደ ቧንቧው ሄደች። ሳሙናውን በመዳፏ፣ በጣቶቿ መሃል፣ በጥፍሯ ስር እያሸች ታጠበች። ሰልፉ ቆሟል፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል። አደራርቃ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችላት።

ልጅቷ ጠጋ ብላ አሸተተቻቸው። ከዚያ ሳህኗን ሰጠቻት።

ምንም አይሰማኝም ያለችው ሴትዮ ሳህኑ ጢም ካለ በኋላም መጨለፏን አላቆመችም።