ሃያ ሁለት ሜትር ላይ ያልኩት

ሞኝነቴን ልናዘዝና ልጀምር። ሥራዬ የፍሳሽ ቱቦ በካሜራ ማየት ነው። ካሜራው ረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ሆኖ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ከላይ ቁጭ ብዬ ስንት ሜትር እንደሄደና ምን እንዳየ በትንሽ ስክሪን እከታተላለሁ። አዲሱን ማሽን ከገዛሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች። ባትሪ ነበር የመሰለችኝ። ስምንት ወር ሙሉ "ይቺ ባትሪ እንዴት ጎበዝ ናት፣ አታልቅም እኮ" እያልኩ ሳደንቃት ከረምኩ። ለካ ማይክ ናት። ሠራተኛው የሚያየውን እየተናገረ ድምፁ ከቪዲዮው ጋር እንዲቀዳ ተብሎ ነው። የኔ ላፕቶፕ ስፒከሩ ከሞተ ቆይቷል፤ የቀዳሁትን አንድም ቀን በድምፅ ሰምቼው አላውቅም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ችግሩ፣ እኔ ሥራ ላይ አወራለሁ። ማንሆል ሲከፈት ሰው ይሸሻል፣ አልፈርድበትም። ስለዚህ የማወራው ከቱቦው ጋር ነው። "እንዴት አደርክ? ዛሬ ደግሞ ምን በልተህ ነው?" እለዋለሁ። እሱም አይሰለቸኝም፣ እኔም አልሰለቸውም።

ቦሌ ውስጥ ድሮ ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቪላ ዛሬ ክሊኒክ ሆኗል፣ ቢሮ ሆኗል፣ ኬክ ቤት ሆኗል። በሩ ተቀይሯል፣ መስታወት ገብቶለታል። ለቱቦው ግን ማንም አልነገረውም። አሁንም አባት፣ እናትና አራት ልጆች ያሉ ይመስለዋል። እንደዚህ ዓይነት ቤት ሲቸገር ነው እኔ የምጠራው። እናም የሰው ቤት የማውቀው ከሥር ነው። ማን እንደጾመ፣ ማን እንደገደፈ፣ የማን ልጅ አሻንጉሊት እንደጨመረ አውቃለሁ። ላይ ውጣና ሻይ ጠጣ ያለኝ ግን አልነበረም። ማታ ታክሲ ውስጥ ረዳቱንም ተሳፋሪውንም ሳስቅ ሰሚት እደርሳለሁ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ በሬን ስከፍት ቀልዱ ያልቃል። ቴሌቪዥኑን ለወሬ ያህል እከፍተዋለሁ፤ እሱም እኔን ሳያስጨርሰኝ ነው የሚያወራው።

ልጅ አለችኝ። እናቷ ስታርፍ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የጴንጤ ልጅ ወደደች። የልጁ ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ መጡ፤ ከረባት ያሰሩ ትልልቅ ሰዎች። ሰርጉ በነሱ ቸርች እንደሚሆን፣ መጠጥም እንደማይኖር በትሕትና ነገሩኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ጠጅ የሌለበት ሰርግማ ስብሰባ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አዘጋጅታችኋል?" አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጄ ኩሽና ነበረች። ብርጭቆ ስታስቀምጥ ሰማኋት፤ ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው። ብትሰብረው ይሻለኝ ነበር።

ሲሄዱ "አባዬ፣ በኔ ነው እኮ የቀለድከው" አለችኝ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ ሌላ ቀልድ ጨመርኩበት። ሰርጓ ቀን አልሄድኩም። ዘመድ ሁሉ "እልኸኛ" አለኝ። ከዚያ ባልና ሚስቱ ሐዋሳ ገቡ፣ ስልኩም ቀረ።

አንድ ቀን እህቴ ደወለች። "ልጅህ ወልዳለች፣ ወንድ ነው። አንተ ግን ሰው ነህ?" ብላ ዘጋችብኝ።

እንግዲህ መደወል ነው። ግን ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው? እኛ ቤት የወለደች ሴት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ነው የምትባለው። እንደዚያ ብላት ሊነካካኝ ነው የደወለው ትላለች። "እንኳን ጌታ ረዳሽ" ብላት ደግሞ ሊያሾፍብኝ ነው ትላለች፤ ከኔ አፍ ምን ቁም ነገር ወጥቶ ያውቃል? ሦስት ሳምንት ስልኩን እያነሳሁ አስቀመጥኩ።

በዚያው ሰሞን ነው ቦሌ ውስጥ ለውስጥ ያለ አንድ ቪላ የተጠራሁት። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው። ፎቁ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ምድር ቤቱን ለጥርስ ክሊኒክና ለኬክ ቤት አከራይተዋል። ፍሳሹ በየሳምንቱ ወደ ቤት ይመለሳል። ሐኪሙ ጥፋቱ የኬክ ቤቷ ነው ይላል፣ የኬክ ቤቷ ሴትዮ የክሊኒኩ ነው ትላለች።

እሁድ ጠዋት ሁለቱም ዝግ ሆነው ሄድኩ። ቲቸር ከቅዳሴ አልተመለሱም። ጥበቃው በሩን ከፈተልኝና ማንሆሉን ሳነሳ ጠፋ።

አምስት ሜትር ላይ ክሬም ነበር። "እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበላት ወይስ እንኳን ጌታ ረዳሽ?" ብዬ ቱቦውን አማከርኩት። አሥራ አንድ ሜትር ላይ የሐኪሙ ጓንት ተጋድሟል። እዚያ መለማመድ ጀመርኩ፤ ድምፄን የቢሮ አስመስዬ "ሄሎ፣ ከፍሳሽ ክፍል ነው። መስመርዎ ሁለት ዓመት ተዘግቷል የሚል ጥቆማ ደርሶን ነበር" አልኩ። ራሴው ሳቅኩ። አሥራ ስድስት ሜትር ላይ ተናደድኩ። "አንቺስ ብትሆኚ? አባቴ አለ ወይስ ሞተ ብለሽ ደውለሽ ታውቂያለሽ?" አልኩ።

ሃያ ሁለት ሜትር ላይ ካሜራው ጭቃ ውሃ ውስጥ ገባና ስክሪኑ ጠቆረ። እንዲህ ሲሆን መነካካት ዋጋ የለውም፣ ጭቃው እስኪዘቅጥ ቁጭ ማለት ነው። ማንሆሉ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሴ ፊት ይታያል። በዚያ ፊት ላይ የሚቀለድ ነገር ሞልቷል፤ አንዱም አልመጣልኝም።

"ልጄ" አልኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት ያልኩት ጥፋት ነው። ሰርግሽ ቀን በጠዋት ተነስቼ ተላጨሁ። ያንን አንቺ የመረጥሽልኝን ሰማያዊ ኮት ለበስኩ፣ ከረባትም አሰርኩ። በሩ ጋ ደርሼ፣ እዚያ ስገባ ሰዎቹን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብዬ አፈርኩ። ተመልሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ኮቱን አላወለቅኩም። ልጁ ማንን መሰለ?"

ጭቃው ዘቀጠ። የድሮው የሲሚንቶ ቱቦና ቤቱ ሲቀየር የተቀጠለበት ፕላስቲክ ተላቀው ታዩ፤ መሃላቸው አራት ጣት ያህል ክፍት ነው፣ አፈር የሚገባው በዚያ ነው። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ገመዴን ጠቀለልኩ፣ ቪዲዮውን በፍላሽ አድርጌ ለቲቸር እንዲሰጥልኝ ለጥበቃው ሰጠሁ። ማታ ስልኩን አነሳሁና አስቀመጥኩ።

ማክሰኞ ላስረዳ ተጠራሁ። በቲቸር ሳሎን ውስጥ ሐኪሙና የኬክ ቤቷ ሴትዮ ሶፋው ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ የኔ ቪዲዮ ያለ ድምፅ ይሄዳል።

"ይሄው ዶክተር፣ ጓንትህ እንደ ሰው እጁን ያውለበልባል" አለች ሴትዮዋ።

"ክሬምሽን ስታልፊው ነዋ ያየሽው" አላት። ከዚያ ወደ ቲቸር ዞረ። "ድምፅ የለውም እንዴ? ሪሞቱን ልይልዎት?"

"ቱቦ ምን ያወራል ብለህ ነው?" አሉና ሪሞቱን ጭናቸው ሥር አስገቡት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ጠቁሮ ቆየ።

"እዚህ ጋ ምን ስታደርግ ነው ይሄን ያህል የቆየኸው?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"ቁጭ ብዬ ነበር" አልኩ።

ቲቸር ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። ቱቦዎቹ ሲታዩ፣ ጥፋቱ የሁለቱም እንዳልሆነ፣ ግቢው በር ጋ ትንሽ ቆፍሮ መጋጠሚያውን መቀየር ብቻ እንደሆነ አስረዳሁ። ሁለቱም ያልረቱበት ክርክር ስለሆነ ቅር ብሏቸው ወረዱ። እኔም ልከተላቸው ስል ቲቸር "አንተ ተቀመጥ፣ ሻይ ተፈልቷል" አሉኝ። ቀድተው ሰጡኝ።

"ማሽንህ ላይ ቀይ መብራት አለች?"

"አለች። ባትሪ ናት።"

"ባትሪ አይደለችም" አሉ።

ሻዩ እጄ ላይ ቀረ። "ሁሉንም ሰሙት?"

"ሁለት ጊዜ። ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና ሳርም ነው የኖርኩት፤ አንዴ አንብቤ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም።"

"ታዲያ ቲቸር፣ ስንት አገኘሁ?" አልኩና ልስቅ ሞከርኩ።

እሳቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"የአሥራ አንድ ሜትሩ ወድቋል። የአሥራ ስድስቱም ወድቋል። ማርያምንም ጌታንም ለጊዜው ተዋቸውና፣ በደህና በመገላገልሽ ደስ ብሎኛል ብለህ ጀምር። ከዚያ የሃያ ሁለት ሜትሩን ንገራት፤ እንዳለ፣ ምንም ሳትጨምርበት። ኮት ለብሰህ አልጋ ላይ እንደዋልክ እሷ እኮ አታውቅም።"