«ቆመህ ጠብቀኝ» ይዘን ከነብር ፊት

ከአማቴ ጋር ድኩላ አደን የወጣሁት የሚስቴ ዘመዶች ፈሪ እንዳይሉኝ ብዬ ነው። ከዓለም ከተማ ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል ማለዳ ተሰማራን። አማቴ የያዙት ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጠቀጠቅበት አሮጌ ጠመንጃ ነው። አንዴ ከተኮሰ እንደገና እስኪጎርስ ጊዜ ስለሚፈጅ ሰው «ቆመህ ጠብቀኝ» ይለዋል። በዚያው አንድ ድኩላ ተኩሰው ጣሉ።

ልናነሳው ስንወርድ ነብር ቀድሞን አጠገቡ ቆሟል። ልሮጥ ዞር አልኩ።

«እንዳትሮጥ» አሉኝ አማቴ በሹክሹክታ። «ከሮጥክ ይከተልሃል።»

«አባባ፣ ይተኩሱ እንጂ!»

«በምን? ባዶ ነው።»

ዓይናቸውን ከነብሩ ሳይነቅሉ ባሩዱን ከያዙበት ቀንድ ወደ አፈሙዙ ገለበጡ፤ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልለው ከተቱና በዘንግ ይጠቀጥቁ ጀመር። ዘንጉ በተንቋቋ ቁጥር ነብሩ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል። እኔ በልቤ እመቤቴን እጠራለሁ።

በመጨረሻ አነጣጥረው ቃታውን ሳቡ። ጠቅ አለ እንጂ አልተኮሰም። ነብሩ ሊዘል አጎነበሰ።

«በቃ፣ ልጄ» ሲሉ ሰምቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ጊዜ ጠመንጃው ዘግይቶ ባረቀ!

ጭሱ ሲገለጥ ነብሩ የለም። አማቴ ክንዴን ጨምድደው ይዘዋል። ገና «ተመስገን» ሳንል የሞተው ድኩላ ብድግ አለ። የመጀመሪያው ጥይት ለካ ቀንዱን ብቻ መትቶ አደንዝዞት ኖሯል። ራሱን አራገፈና በሁለታችን መካከል ሰንጥቆ ጫካው ውስጥ ገባ።